የአባዬ ሞተር፣ የተላጠው ቀለምና የቃሊቲው ሳንድ ብላስት

ቀለሙ የተላጠው በተቀባ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አዳማ፣ ግቢያችን ውስጥ ሞተሯን እያጠብኩ ነበር። ጨርቁን የፊት ፓራፋንጎው ላይ ሳሳልፈው የሲኒ አፍ የሚያህል ጥቁር ቀለም አብሮ መጣ። እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ። ጠርዙን ይዤ ሳብ ባደርገው እየሰፋ ሄደ። ከሥሩ ያለው ክሮም ምንም እንዳልነካው ሁሉ ፊቴን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል።

አባዬ በረንዳው ላይ ሆኖ ያያል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

ሞተሯ የእሱ ናት። ሆንዳ ሲጂ 125። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር፤ የክትባት ሣጥን ከኋላ አስሮ አርሲን በእሷ ዞሯል። ሆንዳ ይህችን ዓይነት ሞተር ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያወጣ ያሰበው ጋራዥ የሚርቀውን፣ ዘይት መቀየር የሚዘነጋውን ሰው ነው። ዛሬም በአንድ እርግጫ ትነሣለች። ያረጀው ጌጧ ነው፤ ሁለቱ ፓራፋንጎዎች፣ የፊት መብራቱ ቀለበት፣ የኋላው ዕቃ መጫኛና ማርሚታው። ክሮሙ ቦታ ቦታውን ፈንጣጣ የወጣበት መስሏል።

መልሶ ክሮም ማስነከር ጠየቅሁ። ዋጋውን ስሰማ «እሺ፣ አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ያው የማትመለስ ሰው የምትለው ነገር ነው። ስለዚህ ጥቁር ቀለም ይሁን ተባለ።

እንግዲህ ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። ሦስቱም ገንዘቤን በልተዋል። የትኛው ተገቢውን እንደበላ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሠፈር ውስጥ ያለ ቀለም ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ልጁ ዕቃውን በቤንዚን አጠበ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ እላዩ ላይ አንሸራተተ፣ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት፣ ረጨ፣ በማግስቱ ጥቁሩን ቀባ። 4,500 ብር ከፈልኩ። ውሸት አልናገርም፣ ሲረከቡት ያምር ነበር። ጎረቤት ሁሉ «አዲስ ገዛችሁ እንዴ?» ብሏል። ከተላጠ በኋላ ይዤው ስመለስ ልጁ ዞር ዞር አድርጎ አየውና፣ «ክሮም ነዋ እህቴ! ክሮም ቀለም አይዝም።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልከኝ ወንድሜ?»

«ቀባልኝ አልሽ፣ ቀባሁልሽ።»

ምን ትለዋለህ? ቀብቶልኛል።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን የራሴ ነገር ነው። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በኤሌክትሪክ ብረት ስለመለበጥ ሳስተምር ስንት ዓመቴ! ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማውቀውን ነገር ግቢዬ ውስጥ ረሳሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ጌጥ ላይ ያለው ክሮም በጣም ስስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። የሰው ፀጉር ከሃምሳ ማይክሮን በላይ መሆኑን አስቡ። ወፍራሙ ሥራ የኒኬል ነው፤ ከክሮሙ ሥር አሥር፣ ሃያ ማይክሮን ሆኖ ይተኛል። አንዳንዱ ዕቃ ከኒኬሉም ሥር መዳብ አለው። የምናደንቀው መስታወትነት በአብዛኛው የኒኬሉ ነው፤ ክሮሙ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር ይጠብቀዋል። ክሮም አየር ሲያገኝ ወዲያው የማይታይ ኦክሳይድ ይለብሳል። ጠንካራ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ቀለም ጥፍሩን የሚተክልበት ቦታ የለውም። መስታወት ላይ ማስቲሽ ቀብታችሁ በጥፍራችሁ ስትልጡት ታውቃላችሁ? ያ ነው።

ዝገቱስ ከየት መጣ? ክሮሙ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች አሉት። ኒኬሉ ከተቦረቦረ ውሃ በዚያ ገብቶ ብረቱን ያገኘዋል። ዝገት ደግሞ ይነፋል፤ ከሥር ሆኖ ኒኬሉንም ክሮሙንም አንሥቶ ይገለብጠዋል። እዚያ ላይ የተቀባ ቀለም ዋና ሥራው ዝገቱን መደበቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የራሴ ነው። አሲድ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሮምን እንደሚያሟሟ አውቃለሁ። የዕቃ መጫኛውን አንድ ትንሽ ማሰሪያ ወስጄ ሞከርኩ። ፕላስቲክ ባልዲ፣ ረጅም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ክፍት ግቢ። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ አሲዱ ቀስ ተብሎ ወደ ውሃው፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ ፊታችሁ ላይ ይፈናጠራል። ማሰሪያው እንደገባ አረፋ መድፈቅ ጀመረ። ደቂቃዎች ናቸው። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ክሮሙ ሄደ፣ ትንሽ ቢጫ የሚል ኒኬል ቀረ። እንደ ሙከራ ግሩም ነው፤ ስልክ አውጥቼ ለተማሪዎቼ ቀረጽኩት።

እንደ ሥራ ግን አልወደድኩትም። ኒኬሉ አልወጣም፤ እሱን አሲዱ ብዙም አይደፍረውም። ቀድሞ የዛገው ቦታ ላይ ግን አሲዱ ራቁቱን ብረት አግኝቶ ጉድጓዱን አጠለቀው። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጉድ። እዚያው ጥግ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ፒንሳና ካቻቢቴ ዝገው አገኘኋቸው። የአሲዱ ጢስ ነው። አባዬ የ30 ዓመት ፒንሳውን እያገላበጠ ምንም አላለም። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

ቆሻሻውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የክሮምና የኒኬል ጨው ያለበትን ውሃ ቱቦ ውስጥ መድፋት ነውር ነው፤ ኒኬል መርዝ ነው። ኖራ ጨምሬ አሲዱን አበረድኩት፣ አረንጓዴው ዝቃጭ ወደ ታች ወረደ፣ እሱን ጠርሙስ ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኩ። እስካሁን ላብራቶሪያችን ጥግ ተቀምጧል። እንደኔ ልሞክር የምትሉ ካላችሁ ሦስት ነገር ያዙ። አሲድ ባለበት በረኪና አይድረስ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። የሾክ አብዞርበር ሞላና ጠንካራ ብሎን አሲድ ውስጥ አይግባ፤ ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ደረቅ እንጨት እንዲሰበር ያደርገዋል። በባትሪ ቻርጀር ክሮም እናወልቃለን የሚሉ ልጆችንም አትስሟቸው። በዚያ መንገድ የሚወጣው ክሮሚየም ስድስት የሚባለው የክሮም ዓይነት ካንሰር አምጪ ነው። ባልዲ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ሲያምር ይታያል፣ እጅ ይነካዋል፣ ልጅ ይነካዋል።

ሦስተኛው ሳንድ ብላስት ነው፤ በኮምፕሬሰር አየር ሻካራ ቅንጣት እየነፉ ብረቱን መጥረግ። ይህ ጽሑፍም በዋናነት የእሱ ነው።

ቃሊቲ አካባቢ አንድ የብረት ሥራ ቤት እንዳለ የነገረኝ የትምህርት ቤታችን የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ፓራፋንጎዎቹንና ሌላውን ዕቃ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ከአዳማ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ፓራፋንጎ።» «የምን?» «የሞተር።» ከላይ እስከ ታች አየኝና የዕቃ 50 ብር አስከፈለኝ። ቃሊቲ መናኸሪያ ከመውረዴ በፊት ከጎኔ የተቀመጡ እናት ታሪኩን በሙሉ ሰምተው፣ «ክሮሙን ለምን ታጠፊያለሽ ልጄ፣ አመድ አታሺውም?» ብለውኛል። እውነት ለመናገር ክሮሙን ለማቆየት ቢሆን ምክራቸው ከብዙ ባለሙያ ይሻላል።

ሥራ ቤቱ ምልክት የለውም። በድምፁ ነው የሚገኘው። ኮምፕሬሰሩ ከአጥሩ ውጭ ጆሮ ይበሳል። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። አንሶላውን ፈትቼ ሳሳያቸው ዕቃውን አላዩም፤ ጣታቸውን የኋላ ፓራፋንጎው ሥር አሻሽተው አሸተቱት።

«ዘይት አለው።»

«አጥቤዋለሁ ጋሼ።»

«በምን?»

«በቤንዚን።»

«ቤንዚን ዘይቱን አስፋፍቶ ነው የሚያደርቀው። እዚያ ቧንቧ አለ፣ ኦሞ አለ። ሙቅ ውሃ ልጆቹን ጠይቂ።»

ከአዳማ ድረስ መጥቼ ፓራፋንጎ አጠብኩ። ግን ልክ ናቸው። የሰንሰለት ቅባት ሳይለቅ ብታሹትም ሆነ ብትነፉት ቅባቱን ጭረቱ ውስጥ እያስገባችሁ ነው። መታጠቡን የሚያውቁት ውሃ በማፍሰስ ነው። ውሃው እንደ ስስ ላስቲክ ሳይበጠስ ከተኛበት ንጹሕ ነው። ጤዛ ሠርቶ ከተሰበሰበ እንደገና ኦሞ። እኔ ሦስት ጊዜ ደገምኩ። በአራተኛው «አሁን አስተማሪ መሆንሽ ታወቀ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስሜ ቲቸር ሆነ።

ደስ ያለኝ ሌላም ነገር አለ። የሚረጩት የወንዝ አሸዋ አይደለም፤ ቡናማ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ነው። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። የሚረጨው ልጅም ራሱን በሙሉ የሚሸፍን ኮፍያ አጥልቆ፣ አየር በቱቦ እየገባለት ነው የሚሠራው። ሌላ ቦታ በሻሽ ብቻ ተጀቡነው ሲሠሩ አይቻለሁ። ዋጋው ላይ ከመከራከራችሁ በፊት ይህን እዩ።

ልጁ ግፊቱን ቀንሶ ጀመረ። የፓራፋንጎ ላሜራ ስስ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ተጠግቶ ከተነፋበት ፊቱ ይለጠጣል፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ክዳን ይጎብጣል። ቀለም በአንዴ ሲጠረግ ክሮሙ ግን እንቢ አለ። ቅንጣቱ እየነጠረ ይመለሳል። የተላጠውና የዛገው ቦታ ሙልጭ ብሎ ነጭ ብረት ሆነ። ጤነኛ የነበረው ቦታ ላይ ኒኬሉ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ ደብዝዞ ግራጫ ሆነ፣ በጥፍር ስትነካው ይሻክራል። ለቀለም ይህ ይበቃል። የሚያስፈልገው ልቅ የሆነው ሁሉ መውጣቱ፣ የቀረው መሻከሩ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጠርዝም በጣት የማይታወቅ ሆኖ መስተካከሉ ነው። ጠርዙን እዚያው በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ሁለት ሰዓት ተባልኩ፣ አምስት ሆነ። መቀመጫ የለም፣ ሽንት ቤቱን ባላነሣው ይሻላል። ደረሰኝ ስጠይቅ ሳቁ። የዕቃ መጫኛውን ብሎን ጥርስ ሳይሸፍኑ ነፍተውት ዳዶው አልገባ ብሎኝ እንደገና ጥርስ ማስወጣት ነበረብኝ። ጥርስ ያለው ነገር ካላችሁ አሮጌ ዳዶ እላዩ ላይ አስራችሁ ስጡ፣ ወይም ሳትሰስቱ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉት። ለሁለቱ ፓራፋንጎና ለዕቃ መጫኛው 2,200 ብር ከፈልኩ። ለቀለም ቤቱ ከሰጠሁት ግማሽ ማለት ነው።

ከዚያ ሩጫ ነው። የተነፋ ብረት ራቁቱን ነው፤ እርጥበት ካገኘው በሰዓታት ውስጥ ብርቱካን ይለብሳል። በባዶ እጅ ከነካችሁት የጣታችሁ አሻራ ዝጎ ይወጣል። ጓንት አድርጌ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አሥሬ አዳማ ገባሁ። በዚያው ምሽት ከጎረቤት የሶፋ ሠሪ ኮምፕሬሰር ተውሼ ፕራይመሩን ረጨሁት።

ፕራይመሩ ባለ ሁለት ጣሳ ኢፖክሲ ነው። የገዛሁት መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሰጠኝ ብረት የሚበላ የሚሉትን አሲዳማ ፕራይመር ነበር። እሱ ለራቁት ብረትና ለአሉሚኒየም ጥሩ ነው፤ ክሮምና ኒኬል ላይ ግን የሚበላው ነገር አያገኝም። ኢፖክሲው በተሻከረው ላይ ሁሉ ይይዛል፣ ውሃም አያሳልፍም። ከላዩም ስቱኮ መጠቀም ይቻላል፤ የዝገቱን ጉድጓዶች የሞላሁት እንደዚያ ነው። ችግሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጠኑን በዓይን ሳይሆን በመለኪያ መቀላቀል፣ የጣሳው ወረቀት እንዳለው ማቆየት፣ ቀጣዩን ቀለም በተባለው ጊዜ ውስጥ መቀባት። ጊዜው ካለፈ እንደገና ማሸት አለ። እኔ አንድ ቀን አሳልፌ አሽቻለሁ። ጭንብሉ የጨርቅ አይሁን፤ ከሰል ያለው ማጣሪያ የተገጠመለት መሆን አለበት።

አሁን የምወደው ክፍል። የመብራቱ ቀለበት ክሮሙ ከሌላው የተሻለ ስለነበር ቃሊቲ አልወሰድኩትም። ግማሹን በቁጥር 240 ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካሁ አሸሁት። በውሃ የሆነው ብናኙ እንዳይነሣ ነው። ሌላውን ግማሽ ስኮች ብራይት በሚባለው ሻካራ መፈተጊያ፣ በቡናማ ቀዩ፣ 7447 የሚል ቁጥር ባለው። ሁለቱንም አንድ ዓይነት ኢፖክሲ፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም። ሳምንት ቆይቼ በማይታየው ውስጠኛ ጎን በምላጭ ስድስት መስመር ወደ ጎን፣ ስድስት ወደ ታች ቆረጥኩ። ፕላስተር ለጥፌ ነቀልኩ። ቀለም ምን ያህል እንደያዘ የሚፈተንበት አይኤስኦ 2409 የሚባለው መለኪያ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ዜሮ ምንም ያልተነሣበት፣ አምስት ያበቃለት።

በብርጭቆ ወረቀት የታሸው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቅንጣት ለቀቀ። አንድ እሰጠዋለሁ። የስኮች ብራይቱ ከዚያ ባሰ፤ ካሬዎቹ ጥግ ጥጋቸው ተነሣ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቢባል ነው። በተነፋው ፓራፋንጎ ላይ ፕላስተሩ ባዶውን መጣ። ዜሮ። ከቀለም ቤቱ ሥራ የተረፈች አንዲት ቁራጭ ማሰሪያም ስለነበረች እሷንም ሞከርኳት። ቀለሙ በሙሉ ከፕላስተሩ ጋር መጣ። አባዬ ፕላስተሩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና «ይኼን 4,500 ብር በፍሬም አስገቢው» አለ።

ስኮች ብራይትን ግን አልጥለውም። ለመታጠፊያ፣ ለጠባብ ጥግ፣ በአንዱ ቀለምና በሌላው መካከል ለማሻከር እንደሱ የለም። እጅ አይበላም፣ ታጥቦ ይደገማል። ክሮምን ብቻውን ይቻለዋል ብላችሁ አትመኑት።

እና ፍርዴ። ቃሊቲ ከአሥር ስምንት። ሁለቱ የቀነሱት ለጊዜያቸውና ለዚያ ብሎን ነው። እንደገና እሄዳለሁ፤ ጠዋት በጊዜ፣ ዕቃዬን አጥቤ፣ ጥርሱን ሸፍኜ፣ ዳቦና ሻይ ይዤ። ኢፖክሲው ዘጠኝ። ዋጋው ያማል፣ ግን አንድ ጣሳ ለሁለት ሞተር ይበቃል። አሲድ ሁለት፤ እሱንም ለቪዲዮው።

ማርሚታው ይቀራል። እሱ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ተራ ቀለም ያርራል፣ ኢፖክሲውም ሙቀቱን አይችልም። ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቀለም፣ በተነፋ ባዶ ብረት ላይ፣ በስስ በስሱ። ከዚያ ሞተሯን እያስነሡና እያቀዘቀዙ ቀለሙን ማብሰል አለ። ክረምቱ ሲያልፍ ቃሊቲ ይዤው እሄዳለሁ።

መሪዋን ላስነፋ ብዬ ነበር። አባዬ አልፈቀደም። ትናንት ከሱቅ ካመጣው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት አውጥቶ፣ ጨብጦ፣ ውሃ ነክሮ የመሪዋን ክሮም ሲፈትግ አገኘሁት። ሲጋራ ካቆመ 12 ዓመቱ ነው። ሲጋራዎቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ዝገቱ እየለቀቀ ነው።